በሃያ ራንድ የሸጥኳት አዳፕተር

ስለ አገር ጉዳይ የሚጽፉላችሁ ብዙ የተማሩ ሰዎች አሉ። እኔ ግን የጆሃንስበርግ ባለሱቅ ነኝና ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሶኬት ነው። አትሳቁ! ሶኬት ስንት ጉድ እንደሚያሳይ የሚያውቀው ከአገር አገር የተንከራተተ ሰው ብቻ ነው።

ሱቄ ጄፒ ነው። ጎዳናው በካርታ ላይ ራሂማ ሙሳ ከተባለ ቆይቷል፤ እኛ ግን ጄፔ የሚለውን የድሮ ስሙን በራሳችን አፍ ጄፒ ብለን እንደያዝነው አለን። አይታችሁት የማታውቁ እንደሆነ መርካቶን አስቡና ፎቅ ላይ ስቀሉት። ዱሮ የሐኪሞች ክሊኒክ የነበረው ሕንፃ ሳይቀር ከምድር እስከ ላይኛው ፎቅ በትናንሽ ሱቅ ተሸንሽኗል። ብርድ ልብሱ፣ መጋረጃው፣ ጫማው፣ በርበሬውና ጀበናው ጎን ለጎን ነው። የእኔዋ ሱቅ ስፋቷ ሦስት እርምጃ ነው። ቻርጀር፣ አምፖል፣ ዲቫይደርና አዳፕተር እሸጥባታለሁ። አገር ቤት የሚሄድ በእኔ በኩል ያልፋል፤ ከአገር ቤት የመጣም እንዲሁ። ለምን ቢባል የዚህ አገር ሶኬት ከማንም ጋር አይዋደድማ!

የደቡብ አፍሪካ ስፒና ሦስት ድቡልቡል እግር አለው። እግሮቹ እርሳስ ያህላሉ፤ ሦስተኛው፣ የመሬት መስመሩ፣ ከሁለቱ ደግሞ ይወፍራል። ያመጡት እንግሊዞች ናቸው። እነሱ ራሳቸው በ1947 ባለ አራት ማዕዘን እግሩን አወጡና ይኼኛውን ለቀድሞ ግዛቶቻቸው ትተውት ሄዱ። ሕንዶችም እስካሁን ይገለገሉበታል። ከ2018 ወዲህ በሚሠሩ አዳዲስ ቤቶች ሌላ ትንሽ ሶኬት አብሮ እንዲገባ ታዟል፤ እሱ ቀጭኗን ባለ ሁለት እግር ያለ አዳፕተር ይቀበላል። ግን አዲስ ቤት የሚከራይ ሐበሻ ስንት ነው? የእኛው ደግሞ ከስሙ ጀምሮ ጣልያን ነው፤ ስፒና ማለት በእነሱ ቋንቋ እሾህ ማለት ነው። ባለ ሁለት ክብ እግሩን ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነው።

እኔ ይህን ትምህርት የተማርኩት በእግሬ ነው። በ2006 (የፈረንጆቹ ነው) ከአገር ስወጣ ኪሴ ውስጥ አንዲት ኖኪያና ባለ ሁለት እግር ቻርጀሯ ነበሩ። ሞያሌ ላይ ድንበሩን ስትሻገሩ ሕዝቡም ቋንቋውም ያው ነው፤ የሚለወጠው ሶኬቱ ነው። በወዲያኛው በኩል የእንግሊዝ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ይጠብቃችኋል። ናይሮቢ፣ ኢስሊ ውስጥ በተደበቅንበት ቤት አንድ ልጅ የእስክሪብቶ ክዳን ላይኛው ቀዳዳ ውስጥ ሰካና ሁለቱን ታችኞቹን ከፈታቸው፤ ቻርጀሬንም በጉልበት አስገባልኝ። ያኔ ትልቅ ጥበብ መስሎኝ ነበር። ታችኞቹ የተከደኑት ሕፃን ጣቱን እንዳይከትባቸው መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ታንዛኒያም ሆነ ማላዊ ያው ጠፍጣፋው ነው። ማላዊ ዛሌካ የስደተኞች ካምፕ ስደርስ እስክሪብቶም ቻርጅ የማስደረጊያ ገንዘብም አልነበረኝ። እናቴን ሳልደውልላት አሥራ ዘጠኝ ቀን አለፈ። ለቅሶ ልትቀመጥ ምንም አልቀራትም ነበር፤ ጎረቤቶቿ ናቸው ያቆይዋት። ሞዛምቢክ ስንገባ ፖርቱጋሎች የተዉት ባለ ሁለት እግር ሶኬት አገኘሁና ቻርጀሬ ሸርተት ብላ ስትገባ ዕንባዬ መጣ። ከእናቴ ድምፅ ይልቅ መጀመሪያ ያስለቀሰኝ ሶኬት ነው ብል ማን ያምነኛል? ጆሃንስበርግ ስደርስ ደግሞ እነዚያ ሦስት ትላልቅ ጉድጓዶች ግድግዳው ላይ አፍጥጠው ጠበቁኝ። የመጀመሪያውን አዳፕተር የገዛሁት ዛሬ እኔ ከምሸጥበት ፎቅ ላይ ነው።

እንግዲህ አዳፕተር ማለት አስተርጓሚ ነው ብዬ አስብ ነበር። አንዱ የማይገባውን ለሌላው የሚያስገባ። ይኼ ሐሳቤ ስሕተት መሆኑን ሦስት ጊዜ ተምሬያለሁ። ሁለቱ ርካሽ ትምህርት ነበሩ።

አንደኛው የአክስቴ ልጅ ነው። ከዋሽንግተን ሊጠይቀን መጣና ለባለቤቴ የፀጉር ማድረቂያ አመጣላት፤ በጣም የሚያምር። እኔም ባለሙያው ነኝና አዳፕተር ሰክቼ አስረከብኳት። አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። እንደ አውሮፕላን ጮኸ፣ ጭስ ተፋ፣ ዝም አለ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የዚህ አገር 230፣ የአገራችን 220 ነው። ለ120 የተሠራ ዕቃ 230 ላይ ሲሰካ ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ ኃይል ይስባል። ታዲያ አዳፕተሯ ምን ታድርግ? የእግሩን ቅርፅ ቀየረች እንጂ ቮልቱን አልነካችውም። ቮልት የሚቀይረው ትራንስፎርመር ነው፤ እሱ ደግሞ ለፀጉር ማድረቂያ የሚሆነው ክብደቱ የሙክት ያህላል። ስልክና ላፕቶፕ ላይ ችግር የለም፤ ቻርጀራቸውን ገልብጣችሁ በደቃቅ የተጻፈውን አንብቡ፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት ካለ በዓለም ዙሪያ ይሠራል። 120 ብቻ ካለ ግን ወይ ትራንስፎርመር ወይ ስንብት ነው። አሜሪካ ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ እባካችሁ ስትልኩልን ዶላሩን ላኩት፤ እኛ እዚሁ እንገዛዋለን።

ሁለተኛውን የተማረችልኝ የዚያው የአክስቴ ልጅ ሚስት ናት። የአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ምጣድ ዋሽንግተን ድረስ አስጭና ሰክታው ኖሯል። ሲሞቅ ዋለ አሉ፤ ሊጡ ምጣዱ ላይ ተኝቶ ዓይን አላወጣም። በ120 ቮልት ምጣዱ ከሚገባው ሙቀት ሲሶውን እንኳ በቅጡ አያገኝምና። እዚያ ያሉ እናቶቻችን ኖርዌዮች ለራሳቸው ቂጣ የሠሩትን ክብ መጋገሪያ አግኝተው እንጀራቸውን የሚያወጡበት ምክንያቱ ይኸው ነው። በሰው ቂጣ ምጣድ የእኛ እንጀራ! ብልሃት ነው፤ እኔ አልስቅም።

ሦስተኛው ነው እንግዲህ እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ።

በ2022 ክረምት ነበር፤ የዚህ አገር ክረምት ማለቴ ነው፣ ሰኔና ሐምሌ። ሎድ ሼዲንግ የሚሉት ፈረቃ ደረጃ ስድስት የገባበት ጊዜ ነው። እኛ ከአገራችን ፈረቃ ሸሽተን መጥተን ከዚህኛው ፈረቃ ጋር የተዋወቅነው በ2007 መጨረሻ ነው፤ በ2008 መጀመሪያ የወርቅ ማዕድኖቹ ሁሉ ሥራ እስኪያቆሙ ደረሰ። በ2023 ደግሞ በዓመቱ ውስጥ መብራት ያልሄደበትን ቀን ቆጥሮ መጨረስ ይቻል ነበር፤ ሠላሳ ገደማ ነው። ከመጋቢት 2024 ወዲህ ጋብ አለልን፤ በ2025 መጀመሪያ ወራት ለጥቂት ቀን ብቅ ብሎ ሄደ። ያን ጊዜ ግን ሰው ኑሮውን የሚያቅደው በስልኩ ላይ በሚመጣው የፈረቃ ሰዓት ነበር። ሠርግም ለቅሶም በእሱ ነው።

አንድ ማለዳ አንዲት እህታችን ሱቄ መጣች። እንጀራ ጋግራ ለጄፒ ምግብ ቤቶች የምታስረክብ ናት፤ መልኳን አውቀዋለሁ። ቤዝ ቫሊ ውስጥ ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ የሚኖርበት አሮጌ ቤት ተከራይታለች። ቀኝ እጇ በጨርቅ ተጠቅልሏል። በግራ እጇ ከቦርሳዋ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣችና ጠረጴዛዬ ላይ ፈታችው። ጥቁር የሆነ፣ የቀለጠ፣ የላስቲክ እርጎ የመሰለ ነገር። ከውስጡ ሁለት የነሐስ ምላስ ወጥቷል።

«ይኼ ምንድነው እህቴ?» አልኳት።

«ካንተ የገዛሁት ነዋ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ ምጣድ በሰው አስመጥታለች። ስፒናው ባለ ሁለት እግር ወፍራሙ ዓይነት ነው። ከእኔ ሁሉን የሚቀበል አዳፕተር፣ ፊቱ ብዙ ቀዳዳ ያለውን፣ በሃያ ራንድ ገዛች። አራት ወር ጋገረችበት። አንዳንዴ የምጣዱ ጠርዝ ሲነካ ይነዝራት ነበር፤ እሷ ግን ጫማዬ ቀጭን ስለሆነ ነው ብላ ካርቶን ላይ ቆማ ትጋግር ነበር። በዚያ ምሽት እየጋገረች ሳለ በሁለት ሰዓት መብራት ሄደ። በጨለማው ልጆቿን አበላች፣ አስተኛች፣ ምጣዱን ማጥፋቷን ረሳች። ደክሟት እሷም ተኛች። አራት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ተመለሰ። እንቅልፍ ላይ ላለ ቤት ምጣዱ ብቻውን መሥራቱን ቀጠለ። የስድስት ዓመት ልጇ በሽታው ነቅቶ «እማዬ፣ ላስቲክ እየሸተተኝ ነው» ባይላት መጋረጃው የያዘው እሳት ጣሪያውን ሊነካ ነበር። መጋረጃውን በእጇ ነው የጎተተችው።

እኔ ምን እንደምል አጣሁ። ገንዘብሽን ልመልስ ልበላት? ሃያ ራንድ? እሷ ግን ለጠብ አልመጣችም።

«ጥፋቱ የኔ ነው ወንድሜ፤ ሳላጠፋ ተኛሁ» አለች። ቀጥላም «ሌላ አለህ ወይ? ነገ የማስረክበው ሃምሳ እንጀራ አለ» አለችኝ።

ከኋላዬ መደርደሪያ ላይ በካርቶን መቶ ስልሳ ነበሩ። በሰባት ራንድ ነው ያስመጣኋቸው። እጄን ዘርግቼ አንዷን ማንሳት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ እውነቱን ልናገርና እጄ ተንቀሳቅሶም ነበር። ያስቆመኝ ሃይማኖቴ ወይም ጨዋነቴ አይደለም፤ የጋዜጣው ላይ የልጅ ፀጉር የሚመስል የተቃጠለ ክር ነው። የመጋረጃ ክር መሆኑን ኋላ ነው ያወቅሁት። «ቆይ ነገ አይደለም ዛሬ ማታ እመጣለሁ» አልኳትና ላክኋት።

ፎርድስበርግ አንድ ሕንዳዊ ዘር ያላቸው ሽማግሌ ኤሌክትሪሻን አውቃለሁ፤ ሁሉም አንክል ይሏቸዋል። ከኔ ዕቃ እየገዙ «ይኼ ለስልክ ነው፣ ይኼ ለስልክ ነው» የሚሉ ጨቅጫቃ ሽማግሌ ነበሩ፤ ገበያ ሊያበላሹብኝ ይመስለኝ ነበር። አዲስ አዳፕተር ይዤላቸው ሄድኩ። በመፍቻ ከፈቱትና ውስጡን አሳዩኝ። ነሐሱ እንደ ሰርዲን ቆርቆሮ ይታጠፋል። ጀርባው ላይ 10 አምፔር የሚል ተጽፏል፤ እሳቸው እሱንም አላመኑትም።

«ምጣዱ ስንት ዋት ነው?» አሉኝ። 3,500 አልኳቸው። በወረቀት አካፈሉልኝ፤ 3,500 በ220 ሲካፈል ወደ 16 አምፔር። እዚህ ደግሞ መብራቱ 230 ስለሆነ ይበልጣል እንጂ አያንስም። የግድግዳው ሶኬት 16 ነው የሚችለው፤ ዳር ላይ ነው። የኔ አዳፕተር ግን መሐል ላይ የቆመች ጠባብ በር ናት። ስልክ ቢያልፍባት ምንም አይላትም፤ ምጣድ ሲያልፍባት በየቀኑ ትግላለች፣ ነሐሱ ይላላል፣ ሲላላ የበለጠ ይግላል። አራት ወር የቆየችው ጠንካራ ሆና ሳይሆን ቀስ ብላ እየበሰለች ነው።

«ብሬከሩስ ለምን አልዘጋም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ይኼን ጥያቄ የጠየቅሁት ጥፋቱን ወደ ቤቱ ባለቤት ለመግፋት እንደነበር አሁን ይገባኛል። አንክል ሳቁ። የሶኬት ብሬከር የሚዘጋው ከ20 አምፔር ሲያልፍ ነው። ምጣዱ 16ና 17 ነው የሚስበው። ብሬከሩ ግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ ይጠብቃል እንጂ ባለሱቅ የሸጠውን ላስቲክ አይጠብቅም አሉኝ። ንዝረቱንም ነገሩኝ። የአገራችን ወፍራም ስፒና የመሬት መስመሩ ጎንና ጎኑ ላይ ያለችው ብረት ናት፤ የኔ አዳፕተር ፊት ላይ እሷን የሚነካ ነገር የለም። ከኋላ ትልቁ የመሬት እግር አለ፣ ግን ከማንም ጋር አልተገናኘም። ለጌጥ ነው። ያቺ እህታችን አራት ወር ሙሉ መሬት በሌለው ምጣድ ፊት ካርቶን ላይ ቆማ ነበር ማለት ነው።

የዚያን ማታ ከአንክል ጋር ቤዝ ቫሊ ሄድን። ዕድል ሆኖ ማዕድ ቤቱ ውስጥ የተበላሸ የጥንት ምድጃ ነበር፤ ምድጃ በዚህ አገር የራሱ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና ግድግዳ ላይ ትልቅ ማጥፊያ አለው። አንክል ምድጃውን ነቅለው ምጣዱን በዚያ መስመር ላይ ቀጥታ አሰሩት፤ የመሬቱንም ሽቦ በምጣዱ ብረት ላይ በቡሎን አጠበቁት። ስፒናም አዳፕተርም የለ። ሸክላው ግን ተሰንጥቆ ነበርና ሃምሳው እንጀራ በማግስቱ አልደረሰም። ዘጠኝ መቶ ራንድ ጠየቁ። እኔ ልከፍል ስል ግማሹን እሷ ካልከፈለች አሻፈረኝ አለች፤ «እኔ ለምኜህ አልመጣሁም» አለችኝ። አሁንም ከእሷ ነው እንጀራ የምገዛው። እጇ ላይ ጠባሳው አለ፤ ብሩን ስትቀበለኝ አየዋለሁ።

ካርቶኑን ምን አደረግሁት ትሉኝ ይሆናል። አልጣልኩትም። ነጋዴ ነኝ። በአማርኛ ወረቀት ላይ «ለስልክና ለኮምፒውተር ብቻ፤ ለምጣድ፣ ለካውያ፣ ለውኃ ማፍያ አይሆንም» ብዬ ጽፌ ከላዩ ሰቀልኩ። ገበያው ግማሽ ሆነ። አገር ቤት ካውያ ይዘው ለሚሄዱትም የምነግራቸው አለኝ፤ የዚህን አገር ትልቅ ስፒና ቆርጣችሁ ቦሌ ገብታችሁ ባለ ሁለት እግር ስታስቀጥሉ አረንጓዴና ቢጫውን ሽቦ «ትርፍ ነው» ብሎ የሚያጥፈው ባለሙያ አለና አጠገቡ ቁሙ። የመሬት ሽቦው እሱ ነው። ፓወር ባንክ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ፣ በእጃችሁ ያዙት፤ አየር ማረፊያ ላይ ሻንጣችሁን አስከፍተው ሲያስወጡት በርበሬው ሁሉ ይበተናል።

ባለፈው ወር ነው። አንድ ወጣት መጣና አዳፕተር ስጠኝ አለኝ። «ለምን?» አልኩት። ለምጣድ አለኝ። ወረቀቱን አሳየሁት። ሳቀብኝ።

«ጋሼ፣ ለእህቴ ከሦስት ዓመት በፊት የሸጥክላት አንተው አይደለህ እንዴ? እስካሁን ስታምር ትሠራለች።»

«የት ነው የምትኖረው?»

«ጀርሚስተን።»

ሱቄን በቀን ዘጋሁና አብረን ታክሲ ያዝን። ልጁ አብዷል ሳይለኝ አይቀርም። ስንደርስ ቤቱ በእንጀራ ሽታ ታውዷል፤ እህቱ ሊጥ በጣሳ ይዛ ምጣዱ ላይ አጎንብሳለች። አዳፕተሯ ግድግዳው ላይ አለች። ነጭ ነበረች፤ ጠርዟ ቡናማ ሆኗል፣ ግድግዳውም በዙሪያዋ የሻይ መልክ ይዟል። መዳፌን ሳስጠጋት ሙቀቱ ሳልነካት ተሰማኝ።

«እህቴ፣ አሁኑኑ አጥፊውና ይነቀል» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ፤ አክንባሎውን እንደያዘች።

«ቆይ ጋሼ» አለችኝ፣ «ይቺን አንዷን ላውጣትና።»